የጎበዝ መርፌ

ስኳር በሽታን የሰጠችኝ ኮስታራዋ ነርስ ናት ብዬ ብዙ ዓመት አምኛለሁ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል መሃል ቆማ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ፈረደችብኝ። ከዚያ በፊት ጤነኛ ነበርኩ፤ ከዚያ በኋላ በሽተኛ ሆንኩ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ ነገሩ የገባኝ እንዲህ ነው። ለምን እንዲህ እንደገባኝ ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

በዚያ ዓመት ውሃ አላረካኝ አለ። ባልዲ ላይ ተደፍቼ እንደ በሬ እጠጣለሁ፤ ወዲያው ሽንት ቤት እሮጣለሁ፤ ተመልሼ ደግሞ እጠጣለሁ። ቀሚሴ ከትከሻዬ ይንሸራተት ጀመር። እናቴ ግን "እየተመዘዝሽ ነው፤ ልጅነት ሲያልቅ እንዲህ ያደርጋል" አለችኝ። እናቴ የሆቴል ልብስ አጣቢ ነበረች። ጎህ ሲቀድ ወጥታ አመሻሽ ላይ ጣቶቿ ተጨማደው፣ በረኪና በረኪና እየሸተተች ትመለሳለች። አባታችን ሾፌር ነበር፤ አንድ ቀን መኪናውን አስነስቶ ሄደ፤ ሄደ ማለት ሄደ ነው። ስለዚህ ቤት የምውለውና ታናሽ እህቴን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። እህቴ ከሲታ ስለነበረች ሰፈሩ ሁሉ "ጭራሮ" ይላታል፤ እሷም በስሟ የተጠራች ያህል "አቤት" ትላለች።

አንድ ቀን መነሳት አቃተኝ። አስታወከኝ፤ ትንፋሼ እየጠለቀ እየረዘመ ሄደ። እናቴ አፍንጫዋን ወደ አፌ አስጠግታ "ምን በልተሽ ነው? የበሰበሰ ፍራፍሬ ትሸቻለሽ!" ብላ ጮኸች። ከዚያ ቀጥሎ የማስታውሰው የሆስፒታሉን ጣሪያ ነው።

ያስተኙኝ የልጆች ክፍል ነው። አልጋው ዙሪያውን ብረት ያለው የሕፃን አልጋ ስለነበር እግሬ በብረቶቹ መሃል ወጥቶ ይውላል። ለሴቶቹ ክፍል ትንሽ ነሽ ተባልኩ፤ ለዚህኛው ደግሞ ትልቅ ነበርኩ። በቀኜ ሕፃን ይጮኻል፤ በግራዬ ሕፃን ይጮኻል፤ መሃል ላይ ጡቷ ያጎጠጎጠ እኔ አለሁ። ዶክተሩ ሲመጣ ልብሴን በጠያቂው ሁሉ ፊት ወደ ላይ ይገልጠዋል። የልጆች ክፍል ነዋ! ልጅ ደግሞ አያፍርም። ስለ እኔ የሚያወራው ከእናቴ ጋር ነው፤ ገበያ እንደቀረበች በግ እኔን መሃል አጋድመው በላዬ ላይ ይነጋገራሉ። እኔን ያየኝ "ምላስሽን አውጪ" ሊለኝ ብቻ ነው።

"ምንድን ነው ያመመኝ?" አልኳት እናቴን።

"ደምሽ ደክሞ ነው፤ ደም ማነስ።"

"መርፌውስ?"

"ለጥንካሬ ነው።"

ሳቂታዋ ነርስ ይሄን ሰምታ ሳቀች። "የጎበዝ መርፌ ነው!" አለች። "ጎበዝ የሚያደርግ! በይ ክንድሽን ለኔ፤ አይዞሽ የኔ ቆንጆ፤ ሲሻልሽ ይቀራል።" እጇ ለስላሳ ነበር። መውጋቷን ሳላውቅ ወደሚቀጥለው አልጋ ታልፋለች። ወደድኳት።

ታዲያ ምን ሐሰት ሊመስለኝ ይችል ነበር? ምንም። ተሸክመው ያመጡኝ ልጅ በመርፌው በእግሬ ቆምኩ። ጉንጬ ሞላ፤ ጉልበቴ ተመለሰ። የጎበዝ መርፌ አሉኝ፤ ጎበዝ አደረገኝ። የዛሬዋ እኔ ያንን የልጅ ሐሳብ ገልብጬ ባየው፣ ከላይም ከታችም ቀዳዳ አላገኘሁበትም። ከተሰጠኝ ነገር ተነስቼ በትክክል አሰብኩ። የተሰጠኝ ነው ውሸት።

ኮስታራዋ ነርስ ሌላ ናት። አትስቅም፤ አታቆላምጥም። ስትራመድ የጫማዋን ድምፅ ሰምተው ሕፃናቱ እንኳ ለቅሷቸውን ዋጥ የሚያደርጉ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ብርቱካን ይዛ መጣች። ጣፋጭ የሚባል ነገር ሁሉ ከተከለከልኩ ሰንብቻለሁ። ምራቄ አፌን ሞላው። እሷ ግን ውሃ የሞላ መርፌ በእጄ አስያዘችኝና ብርቱካኑን ጭኔ ላይ አስቀመጠች።

"ውጊው።"

"ምን አደረገኝ ብዬ?"

"እንደ ሰው ቆዳ ነው። ተማሪበት። ዕድሜ ልክሽን የሚወጋሽ ሰው የለም።"

ወጋሁት። ሽታው ተነሳ፤ ዓይኔ እንባ ሞላ። "አይደለም፤ ቀጥ አድርጊ" አለች። ደግሜ ወጋሁ። "እጅሽ አይንቀጥቀጥ።" ደግሜ ወጋሁ። ቁጥር ስለማላውቅ "እስከዚህ ረጅም መስመር ትስቢያለሽ፤ ከዚህ አታልፊም" ብላ በጥፍሯ አሳየችኝ። ሲያልቅ ብርቱካኑን ኪሷ ከታ ሄደች። አስጎምጅታኝ ልትበላው ነው አልኩ። ያቺ ብርቱካን በየክፍሉ ያሉትን እንደ እኔ ያሉ ልጆች ሁሉ እየዞረች ስታስተምር የሰነበተች፣ በመርፌ ተበሳስታ የሻገተች ብርቱካን እንደነበረች የገባኝ ሴት ከሆንኩ በኋላ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ኮስታራዋና እናቴ በሩ ጀርባ ሲጣሉ ሰማኋቸው።

"ዕድሜዋ ደርሷል። ሊነገራት ይገባል" አለች ኮስታራዋ።

"ይነገራትና ማን ያገባታል?" አለች እናቴ።

"ለማግባት ደርሳ ለመስማት አልደረሰችም?"

"የኔ ልጅ ናት፤ ከኔ በላይ አታውቂላትም ሲስተር። ዶክተሩም የቤተሰቡ ፈቃድ ነው ብሏል። ደም ማነስ ብያታለሁ፤ በደም ማነስ ትቆይልኝ።"

"እኔ አልዋሽላችሁም።"

"አትዋሺ። ዝም በይ።"

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት ማግባቱን ነው። ኮስታራዋ ወንድ ልጅ አላት፤ ለሱ ልትድረኝ ነው፤ እናቴ እምቢ እያለችልኝ ነው። እናቴን ከዚያ ቀን የበለጠ ወድጃት አላውቅም። ሲስተሯ መርፌ ይዛ ስትመጣ ክንዴን ወደ ኋላዬ ደብቄ "ልጅሽን አላገባም" አልኳት።

"ልጅ የለኝም" አለች። "ክንድሽን ስጪኝ።"

ዝም በይ ተባለች፤ ዝም አለች። ብዙ ሰው ይህችን ሴት ጻድቅ አድርጌ እንድነግረው ይጠብቃል፤ አላደርገውም። አንድ ክፍል ሙሉ የታመመ ልጅ ለብቻዋ እንደተጣለባት አውቃለሁ። ከዶክተሩ ቃል በላይ ቃል እንዳልነበራትም አውቃለሁ። ግን አንድ ቀን ብርቱካኑን ስወጋ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ ልትነግረኝ ትችል ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር። ከዚያ ይልቅ እጄን ነው ያስተማረችው፤ እጄ ደግሞ በደንብ ተማረ።

ወደ ቤት ስንመለስ የመርፌውን መድኃኒት ብልቃጥ እንዳይሞቅ እርጥብ አሸዋ በሞላ የሸክላ ድስት ውስጥ ቀብረን አልጋ ሥር አኖርነው። እናቴ ከሥራ ስለማትቀር ጠዋት ጠዋት የምወጋው እኔው ራሴ ነኝ። የብልቃጡ ሳጥን ላይ ጽሑፍ ነበረበት፤ በቤታችን ግን የሚያነብ አልነበረም።

"ለማንም እንዳትነግሪ" አለችኝ እናቴ። "በተለይ ለልብስ ሰፊዋ።"

ልብስ ሰፊዋ የግድግዳ ጎረቤታችን ናት። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ወገብ ልክ ታውቃለች፤ ከወገብ በላይና በታች ያለውንም ወሬ እንዲሁ።

"ለምን አልነግርም? መጠንከር ያሳፍራል እንዴ?"

"አይነገርም አልኩ፤ አይነገርም! ጭራሮም እንዳትነካው።"

አይነካም የተባለ ነገር መጥፎ ነው ብዬ ማሰብ ነበረብኝ ይሉኛል። በእኛ ቤት "አይነካም" የሚባለው ለእንግዳ የተቀመጠው ማር ነበር፤ ለበዓል የተሰቀለው ቀሚስ ነበር፤ እናቴ ለራሷ የደበቀችው ሽቶ ሳሙና ነበር። አይነካም የሚባለው ጥሩ ነገር ብቻ ነው።

ዝናቡ እንዳበቃ እናቴ ጭራሮን ትምህርት ቤት ልታስመዘግብ ተነሳች። "አንቺ ቀርተሻል፤ እሷ አትቀርም" አለች፤ እኔም በዚህ ደስ ብሎኛል። ልብስ ሰፊዋ ለደንብ ልብሱ ልትለካት መጥታ ሜትሯን በወገቧ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠመችና ቂቂቂ አለች። "ይቺን ደንብ ልብሱ ይለብሳታል እንጂ እሷ አትለብሰውም!" ሁላችንም ሳቅን። ጭራሮም ሳቀች። በማግስቱ ግን መዝጋቢው ከላይ እስከታች አይቷት "ይቺ ደብተር ልትሸከም? አጥንቷ ይጥና፤ ለከርሞ አምጧት" ብሎ መለሳቸው። እናቴ በዚያው ወደ ሥራዋ ሮጠች። ጭራሮ ተመልሳ አልጋ ሥር ገባችና አልወጣም አለች። እየተንሰቀሰቀች ስታለቅስ እጄን ሰድጄ ጎኗን ዳበስኳት፤ የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል።

"አጥንት በምን ይጠናል?" አለችኝ ከአልጋው ሥር።

ከአጠገቧ የሸክላው ድስት አለ።

"እኔ አውቃለሁ" አልኳት።

ይህንን ስጽፍ እጄ አይንቀጠቀጥም፤ ያን ጊዜም አልተንቀጠቀጠም። እጄን በሳሙና ታጠብኩ። የብልቃጡን አፍ በአልኮል ጠረግሁ። ትንሽ ስለሆነች ለሷ ግማሹ ይበቃል ብዬ እስከ ረጅሙ መስመር ግማሽ ሳብኩ። አየሩን አስወጣሁ። ሁሉንም እንደተማርኩት አደረግሁ።

"ያማል?"

"እኔ በየቀኑ እወጋ የለ? አለቀስኩ?"

"ጎበዝ እሆናለሁ?"

"ከሁሉም ትበልጫለሽ።"

ጭኗ ላይ ወጋኋት። "እፍ" አለችና አላለቀሰችም። ከዚያ ደጅ ወጥተን ገመድ መዝለል ጀመርን። "ብዪ" ብዬ ዳቦ ሰጥቻት ነበር፤ እንደ ልማዷ ለዶሮዎቹ በተነችው። ጥቂት ቆይቶ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ። ስቄ አጨበጨብኩላት፤ ጥንካሬው እየገባ ነዋ! እጇ ተንቀጠቀጠ። ጉልበት ሲመጣ ያንቀጠቅጥ ይሆናል አልኩ። ያለ ነገሩ ትስቅ ጀመር፤ ገመዱን "እማዬ" እያለች ጠራችው። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ከዚያ እንደተቆረጠ እንጨት ወደቀች፤ ዓይኗ ነጭ ሆነ፤ ትንሹ ገላዋ መሬት ላይ ይንፈራገጥ ጀመር።

ጩኸቴን ሰምታ መጀመሪያ የደረሰችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ጭራሮን አንስታ በባዶ እግሯ ሮጠች። ያቺ ወሬኛ ሴት እንዲያ ስትሮጥ ላያት ሰው ልጅቷ የራሷ ናት። እኔ ከኋላዋ፤ እሷ ዘንድ ስፌት የምትማር አንዲት ልጅ ደግሞ እናቴን ልትጠራ ወደ ሆቴሉ።

ያን ቀን የድንገተኛ ክፍል ተረኛዋ ኮስታራዋ ነበረች። ጭራሮን አልጋ ላይ አስተኝታ ዓይኗን ገልጣ አየች፤ በላብ የራሰ አንገቷን ዳበሰች። "ትኩሳት የላትም። ምን በላች? ምን ጠጣች?" ልብስ ሰፊዋ "እኔ ምን አውቄ! ወድቃ ነው ያገኘኋት!" አለች። እናቴ እርጥብ ሽርጧን እንደታጠቀች እያለከለከች ገባች።

"እናት፣ ቤት ውስጥ መድኃኒት አለ? ልጅቷ አግኝታ የነካችው ነገር አለ?"

እናቴ ጭራሮን አየች። ከዚያ እኔን አየች፤ ፊቴ ላይ ያለውን ሁሉ አነበበች። እናት ናት፤ ገባት። ዓይኔ እያየ ነው የገባት። ከዚያ ዘወር ብላ ልብስ ሰፊዋን አየች።

"የለም" አለች።

"ምንም?"

"ምንም መድኃኒት ቤታችን የለም።"

ያን ጊዜ የመሰለኝ፣ በእኔ ተቆጥታ ነው። አይነካም ያለችውን ነክቻለሁና ስሜን እንኳ ልትጠራ አልፈለገችም አልኩ። ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። ጭራሮ መንፈራገጧን ትታ ጸጥ ብላ ነበር፤ ጸጥታዋ ከመንፈራገጧ ይከፋ ነበር። ኮስታራዋ እስካሁን እንደማታውቃት ሰው ስታናግራት ቆይታ፣ ያን ጊዜ ልብ ብላ እናቴን አየቻት፤ አወቀቻት። ከዚያ ትታት ወደ እኔ መጣች። ቁጢጥ አለች። ፊቷ በፊቴ ትክክል ሲሆን ያ የመጀመሪያው ነው።

"አንቺ ንገሪኝ። ምን ሰጠሻት?"

"የጎበዝ መርፌዬን" አልኩ። "ግማሹን ነው።"

ብድግ ስትል አጠገቧ የነበረ ወንበር ተገለበጠ። "ግሉኮስ! ቶሎ!" የጭራሮን ክንድ አሰረች፤ ደም ሥር አጣች፤ ሌላኛውን አሰረች፤ አገኘች። ወፍራሙን የስኳር ፈሳሽ ቀስ አድርጋ ገፋችው። ልብስ ሰፊዋ ጮክ ብላ ትጸልያለች። እናቴ የሽርጧን ጫፍ ትጠመዝዛለች፤ ውሃው መሬት ላይ ይንጠባጠባል።

ጭራሮ ዓይኗን ገለጠች። ዞር ዞር ብላ አየችን።

"ራበኝ" አለች።

በሕይወቷ ራበኝ ብላ አታውቅም። አሁን ድረስ ቤተሰቡ የሚስቀው በዚህች ነው፤ "መርፌውማ ሠርቷል!" ይላሉ። እኔም ያን ጊዜ ልቤ ዘለለ። ሠራ፣ አልኩ በሆዴ። ይኸው ሠራ።

ኮስታራዋ ያን ጊዜ ነው የዞረችብኝ። ፊቷ ቀልቷል፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ እጅሽ አይንቀጥቀጥ ያለችኝ ሴት።

"ስሚኝ። የጎበዝ መርፌ የሚባል ነገር የለም! ስኳር በሽታ አለብሽ። ስኳር በሽታ! መርፌው ኢንሱሊን ነው፤ ላንቺ ሕይወት ነው፤ ለሷ ሞት ነው። አይቀርም፤ እስክትሞቺ ድረስ ትወጊዋለሽ። ከተውሽው ትሞቻለሽ። ገባሽ?"

"ሲስተር!" አለች እናቴ።

"አንቺ ዝም በይ! እኔ ዝም ብዬልሽ ያመጣሽውን እያየሽ ነው!"

ልብስ ሰፊዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ውይ በሞትኩት! በዚህ ዕድሜዋ?"

እኔም በዚህ ዓይነት በሽተኛ ሆንኩ። ጭራሮን ስለወጋሁ ተፈረደብኝ። ፍርዱ ዕድሜ ልክ ነው። ኮስታራዋ የቤተሰብ ፈቃድ ጥሳ በሰው ፊት ጮኸች ተብላ ከዚያ ክፍል ወደ ሌላ እንደተዛወረች ስሰማ እሰይ አልኩ። ሄዳለችና በሽታውን የሚያነሳልኝ የለም ብዬ ደግሞ አለቀስኩ። እንዲህ እንደሚያስብ የነገረኝ ልጅ ቢኖር ዛሬ አቅፈው ነበር፤ ያን ጊዜ ግን የጠየቀኝ አልነበረም። እናቴ "ምን ሆነሽ እንዲህ አደረግሽ?" አለችኝ እንጂ "ምን መሰለሽ?" አላለችኝም።

ያ ሁሉ የተፈራ ወሬስ? ልብስ ሰፊዋ እስከ ማታ ሰፈሩን አዳረሰችው። ሰው "አይ! ይማራት" አለ። በማግስቱ ስለ ውሃ መጥፋት ያወሩ ነበር። በቃ። እህቴ የተዘረረችለት ምሥጢር ይህን ያህል ነበር ዋጋው። ባልም አገባሁ፤ ሲለምነኝ ነግሬው ነው ያገባሁት። ፊደልም በስተርጅና ቆጠርኩ፤ መርፌዬ ሳጥን ላይ ያለውንም አነበብኩ።

አሁን ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ጤነኛ ናት፤ እኔ ግን ውሃ አብዝታ ስትጠጣ ባየሁ ቁጥር ነፍሴ ትወጣለች። ሁሉን እነግራታለሁ፤ ስለ ገላዋ፣ ስለ በሽታዬ፣ በዘር ሊተላለፍ ስለመቻሉ፤ "እማዬ፣ በቃ ገባኝ፤ ስንቴ?" እስክትለኝ ድረስ።

ባለፈው እሑድ እናቴ ልትጠይቀን መጥታ ለልጄ ያንኑ ወሬ ጀመረችላት። ትስቃለች። "እናትሽ እኮ አክስትሽን በመርፌ ልትፈጃት ነበር! እንዲህ ቀልቃላ ነበረች። ነርሷ ደግሞ ባለጌ፤ በሰው ፊት አዋረደችን።"

ልጄ አልሳቀችም። "አያቴ፣ ነርሷ መድኃኒት አለ ወይ ስትልሽ ለምን የለም አልሻት?"

ይህንን ጥያቄ እኔ ስንት ዓመት ዋጥኩት! ከልጄ አፍ እንደቀላል ነገር ወጣ።

"ውይ፣ ደንግጬ ነዋ" አለች እናቴ።

"አልደነገጥሽም" አልኩ። ሳላስበው ቆሜያለሁ። "ገብቶሽ ነበር። አይቼሻለሁ። እኔን አይተሽ ገባሽ፤ ከዚያ ልብስ ሰፊዋን አየሽ፤ ከዚያ የለም አልሽ።"

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። አልተቆጣችም፤ አላፈረችም። ግልጽ የሆነ ነገር ለሕፃን እንደምታስረዳ ሆነች።

"ታዲያ ሴትዮዋ ቆማ ነበር እኮ ልጄ። በሰው ፊት ምን ልበል?"

"ልጅሽ እየሞተች ነበር!"

"አልሞተችም፤ ምን ነካሽ?"

"እኔ ስለተናገርኩ ነው ያልሞተችው! አንቺ ተናግረሽ አይደለም! ባላጠፋሁት ስትስቁብኝ አረጀሁ! በሽታዬን ብትነግሪኝ ኖሮ እህቴን እነካት ነበር? ንገሪኝ! ስኳር በሽታ የሚለውን ቃል ከምትናገሪ ጭራሮን ልትቀብሪ ነበር!"

እናቴ ዓይኗን ወደ ደጅ ወረወረች። ደጅ ላይ ጎረቤቴ ልብስ ታሰጣለች።

"ድምፅሽን ቀንሺ" አለች በሹክሹክታ። "በሩ ክፍት ነው።"

ልጄ አየችኝ። ሄጄ መስኮቱንም ከፈትኩት።